በእህት ንግሥት ስልክ ስለገባው ሌባ

የምንጭ ዳር አጥቢያ የአባቶችና የእናቶች መዘምራን ኅብረት
የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከዊንጌት ሽቅብ በሚወስደው መንገድ፣ በአጥቢያችን ግቢ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል። አዳራሹን ወጣቶቹ ለልምምድ ስለያዙት ነው። የከበሯቸው ድምፅ በግድግዳው በኩል ስብሰባውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተካፍሏል።

የተገኙ፦
አቶ በዳሳ፣ ሰብሳቢ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር
ወ/ሮ የሺሀረግ፣ ምክትል ሰብሳቢ፤ ዊንጌት አጠገብ ሱቅ ያላቸው
አቶ ቤዛብሕ፣ ንብረት ክፍል፤ የሞንታርቦው፣ የማይኩና የቁልፎች ሁሉ ኃላፊ
ወ/ሮ ቦሰና፣ አባል
ጢሞቴዎስ፣ ጸሐፊ፤ ይህን የምጽፈው እኔ

ያለ ድምፅ የተገኘች፦ ወ/ሪት ሚልካ፤ በአንድ ባንክ የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራ። ልጅ ሳለች እኛው መዝሙር ያስተማርናት ስትሆን ማብራሪያ እንድትሰጥ ተጠርታለች።

ስብሰባው የተጠራው ከቀኑ በ8 ሰዓት ነበር። ወ/ሮ ቦሰና ታክሲ አጥተው ዳገቱን በእግር እየወጡ መሆናቸውን በስልክ ስላስታወቁ ምልዓተ ጉባኤው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ አቶ በዳሳ በጸሎት ከፈቱ። ጸሎቱ ረዘም ያለ ሲሆን ሌባውም ተነሥቶበታል። ከአሜን በኋላ ወ/ሮ የሺሀረግ፣ “ሰብሳቢ፣ ‘ያሰበውን አሳካለት’ ያሉት ለማን ነው?” ብለው ጠየቁ። ለኅብረቱ መሆኑ ተብራርቶ ወደ ሥራ ተገብቷል።

የጉዳዩ መነሻ

ነገሩን አዲስ ለሚያነብ ሰው ግልጽ እንዲሆን፦ የኅብረታችንን የቴሌግራም አካውንት በራሷ ስልክ ቁጥር የከፈተችው የቀድሞዋ ምክትል ሰብሳቢ እህት ንግሥት ነበረች። እህት ንግሥት ባለፈው ዓመት ወደ ጌታ ሄዳለች። የጸሐፊው ባለቤት ነበረች። አካውንቱ በእርሷ ስምና ፎቶ እንዳለ የቆየው መለወጡን የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። የሚያውቅ እንዲፈለግም ማንም አልጠየቀም። ስልኩ በጸሐፊው እጅ ሲሆን ጸሐፊው በየቅዳሜው የልምምድ ማስታወቂያ ከዚያው ይልካል። በዚህ ሁኔታ በሰላም ስንኖር ሌባ ገባብን።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስለማጽደቅ

ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በንባብ አሰማ። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው። “የመዘምራን ታላቅ ውድድር አዘጋጅ” ነኝ ያለ አካል ኅብረታችን መመረጡን ገልጾ፣ በላከው ሊንክ ገብተን ስልክ ቁጥራችንንና በስልኩ የሚደርሰንን ኮድ እንድንሞላ ጠይቋል። ወ/ሮ ቦሰና ኮዱ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ፤ አቶ ቤዛብሕ ደገፉ፤ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ጸሐፊው ኮዱን ከእህት ንግሥት ስልክ ላይ አንብቦ ሞላ። የኮዱ ጊዜ እንዳያልፍ ስለተፈራ የኅብረቱ ውይይት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ነበር። ከዚያም ስለ መመረጣችን ምስጋና ቀርቧል።

ንባቡ ሲያበቃ ለማጽደቅ እጁን ያወጣ አልተገኘም።

ወ/ሪት ሚልካ ስታስረዳ፣ ያ ኮድ የአካውንቱ በር መክፈቻ መሆኑን፣ ውድድር የሚባል ነገርም እንዳልነበረ ገለጸች። ቀጥላም፣ “በሥራዬ ብዙ የተታለለ ሰው አጋጥሞኛል። ሁሉም ብቻውን ሆኖ፣ ደንግጦ፣ ተጣድፎ ነው። በስብሰባ፣ ሐሳብ አቅራቢና ደጋፊ ተገኝቶ፣ በጸሎት ተከፍቶ በጸሎት ተዘግቶ የተታለለ ግን እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ” አለች። ሰብሳቢው ድምፅ የሌላት መሆኑን በአክብሮት አስታወሷት።

አቶ ቤዛብሕ ያን ዕለት እጃቸውን ቢያወጡም በልባቸው ተቃውመው እንደነበር ገልጸው ይህ እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ወ/ሮ የሺሀረግ፣ “ጋሽ ቤዛብሕ፣ የደገፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? በልብ መቃወም ከተቻለማ እኔም ስንቱን ተቃውሜ ነበር!” አሉ። ወ/ሮ ቦሰና ደግሞ ሐሳቡን ያቀረቡት እርሳቸው መሆናቸው ቃለ ጉባኤው ላይ በስም መጠቀሱ እንዳሳዘናቸው፣ “አንዲት እህት” ቢባል ይበቃ እንደነበር ገለጹ። አቶ በዳሳ በኮሚቴው ውስጥ ያሉት እህቶች ሁለት ብቻ ስለሆኑ ወ/ሮ የሺሀረግ እንደሚጠረጠሩ አመለከቱ። ወ/ሮ የሺሀረግም አመለከቱ፤ ጠንከር አድርገው።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በልብ የተደረጉ ተቃውሞዎች በልብ እንዲመዘገቡ፣ ቃለ ጉባኤውም አንገት ተደፍቶ እንዲጸድቅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ በእህት ንግሥት ስም ስለተላኩት መልእክቶች

ሌባው አካውንቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ለኅብረቱ አባላት በሙሉ፣ “ውዴ ሰላም ነሽ? እባክሽ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አስቸኳይ ብር አጥሮኛል፤ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ” የሚል መልእክት ልኳል። ለወንዶቹም “ሰላም ነሽ” ብሎ ነው የላከው። ማን ምን እንደመለሰ ሪፖርት ቀርቧል።

አብዛኛው አባል ሳያነብ “አሜን” ብሏል። በኅብረታችን ግሩፕ ላይ ለሚለጠፍ ነገር ሁሉ አሜን ማለት የቆየ ልማድ ስለሆነ ነው። ጸሐፊው፣ ይህ እምነት ነው ወይስ ጣት ለምዶት ነው ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ እርሱም አሜን ካሉት አንዱ ነበርና። ይሁንና ጉዳዩ በአጀንዳ አልተያዘም።

አቶ በዳሳ መልእክቱ ሲደርሳቸው፣ “በሰላም ደረስሽ?” ብለው መመለሳቸውን ተናገሩ። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ “የሹፌር ልማድ ነው። ሰው ከሄደ በኋላ ሲጽፍልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው” አሉ። ሌባውም፣ “አዎ ደርሻለሁ፤ ግን ብር አጥሮኛል” ብሎ መልሷል። “እዚያ ደግሞ ምን የሚገዛ ነገር አለ ብዬ ያን ጊዜ ተጠራጠርኩ” ሲሉ ሰብሳቢው አስረድተዋል።

ወ/ሮ ቦሰና መልእክቱ በደረሳቸው ቅጽበት ወደ ሱቅ ወርደው የሞባይል ካርድ ገዝተው ቁጥሩን መላካቸውን አመኑ። አቶ ቤዛብሕ፣ “እህት ቦሰና፣ ቀብሯ ላይ አብረን ቆመን አልነበረም? እርስዎ እኮ ነዎት መሐረብ የሰጡኝ!” አሉ። ወ/ሮ ቦሰና፣ “መሞቷን መች ረሳሁ! ስሟን ሳይ ግን እግሬ ቀደመኝ። በሕይወት ሳለች ሂጂ ስትለኝ እሄድ ነበር፤ ቁሚ ስትለኝ እቆም ነበር። አሁን ምን ቸግሯት ነው ብዬ ነው እንጂ፣ እንዴት ጻፈችልኝ ብዬ ማሰቡ ካርዱን ልኬ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው የመጣልኝ” ሲሉ መለሱ። በዚህ ጊዜ አቶ ቤዛብሕ ሳቃቸውን ለመደበቅ የማይኩን ሽቦ መጠቅለል ጀመሩ።

ወ/ሮ የሺሀረግ በበኩላቸው መልእክቱ የሌባ መሆኑን ወዲያው ማወቃቸውን ገለጹ። እንዴት እንዳወቁ ሲጠየቁ፣ “‘እባክሽ’ ትላለቻ! ንግሥት ‘እባክሽ’ ብላኝ አታውቅም። ‘ነይ’ ነው የምትለኝ” አሉ። ጸሐፊው ይህ ትክክል መሆኑን አረጋግጧል።

ሰብሳቢው ጉዳዩን ሲያጠቃልሉ፣ የሞተ ሰው ከሕያዋን ጋር አይነጋገርም ብለን የምናስተምር ሰዎች ሆነን ሳለ ሌባውን ለመለየት የኮምፒውተር ዕውቀት እንደማያስፈልገን፣ ትምህርታችን ብቻ ይበቃን እንደነበር ጠቁመው፣ “በሰላም ደረስሽ” ያሉት እርሳቸው መሆናቸው ሲነገራቸው ወደ ውሳኔ እንዲታለፍ አዘዙ።

ወ/ሪት ሚልካ፣ ብርም ሆነ ኮድ የሚጠይቅ መልእክት ከማንም ቢመጣ መጀመሪያ ለሰውየው ደውሎ ድምፁን መስማት እንደሚበቃ አስረዳች። ጉባኤው ሐሳቡ አጭር መሆኑን በማየት አሰፋው። በስልክ የተገኘው ሰው የየትኛው ድምፅ ክፍል አባል እንደሆነ ይጠየቅ፤ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር ወይስ ባስ መሆኑን መናገር ካልቻለ ሌባ ነው ተባለ። አቶ በዳሳ፣ የባስ ክፍል አባላት ራሳቸው ባስ መሆናቸውን ስለማያውቁ ንጹሕ ሰው ሊወነጀል ይችላል ሲሉ ተቃወሙ። እርሳቸው የባስ ክፍል መሪ ናቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ከሟች አባላት ለሚመጣ መልእክት ምላሽ እንዳይሰጥ፣ ሕያዋኑ በድምፅ ክፍላቸው እንዲጣሩ፣ ባሶች ግን በነፃ እንዲታለፉ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ የይለፍ ቃል ስለማበጀት

ወ/ሪት ሚልካ አካውንቱን ከሌባው እጅ ማስመለሷንና እርሱን ማስወጣቷን ገልጻ ጭብጨባ ተቀበለች። ሆኖም ሌባ ኮዱን ዳግም ቢያገኝ እንኳ እንዳይገባ ሁለተኛ በር ማበጀት እንደሚያስፈልግ፣ ይህም አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ፓስወርድ መሆኑን አስረዳች።

አቶ ቤዛብሕ “አንድ ሰው ብቻ” የሚለውን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሡ። የመባ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ እንዳለው፣ ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሰዎች እጅ እንደሚያዙ፣ ሦስቱ ካልተሰበሰቡ ሣጥኑ እንደማይከፈት፣ በዚህም አሠራር ምንም ነገር ጎድሎ እንደማያውቅ በስፋት አስረዱ። “የእግዜር ቤት ነገር በአንድ ሰው ኪስ አያድርም። ፓስወርዱም ሦስት ቦታ ይቆረጥ!” አሉ። ሐሳቡ ከወ/ሪት ሚልካ በቀር ሁሉንም አስደሰተ። ወ/ሪት ሚልካ፣ “ለመክፈት ስትፈልጉስ?” ብላ ጠየቀች። “እንሰበሰባለና!” የሚል መልስ ከአራት አቅጣጫ ተሰጣት።

በዚህም መሠረት ፓስወርዱ ለሦስት ተከፍሎ የመጀመሪያውን አቶ በዳሳ፣ መካከለኛውን ወ/ሮ የሺሀረግ፣ የመጨረሻውን አቶ ቤዛብሕ እንዲይዙ፣ አንዱ የሌላውን እንዳያውቅ፣ አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዲያዞሩ ተደረገ። አፈጻጸሙ እንደሚከተለው ነበር።

አቶ በዳሳ የድርሻቸውን በሰላም ጻፉ። ሆኖም የጻፉት የሚወዱትን ጥቅስ ቁጥር መሆኑን ወ/ሮ ቦሰና ከግድግዳው ሳይዞሩ ተናገሩ። እንዴት እንዳወቁ ሲጠየቁ፣ ሰብሳቢው በየምስክርነቱ ያንኑ ጥቅስ ስለሚጠቅሱ አጥቢያው በሙሉ እንደሚያውቀው አስረዱ። አዳራሹ ውስጥ ከበሮ የሚመታው ልጅ እንኳ ያውቀዋል አሉ። ሰብሳቢው ጥቅስ እንዲቀይሩ ቢጠየቁ፣ “ለሌባ ብዬ ጥቅሴን አልቀይርም” በማለት አቋማቸውን ገለጹ።

ወ/ሮ የሺሀረግ የድርሻቸውን ጽፈው ተመለሱ። ምን እንደጻፉ እስካሁን አልታወቀም።

አቶ ቤዛብሕ ሲጽፉ እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብለው እየጠሩ በመሆኑ ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞሩ ጥቅም አልሰጠም። ወ/ሮ የሺሀረግ፣ “ጋሽ ቤዛብሕ፣ ዝም ብለው አይጽፉም እንዴ?” ቢሏቸው፣ “አፌ ካልሄደ ጣቴ አይሄድም” አሉ። ዝም ብለው እንዲሞክሩ ሲደረግ ጣታቸው በእርግጥም ቆሟል።

ቀጥሎ ስልኩ ፓስወርዱን ለማረጋገጥ ሁለተኛ ጊዜ እንዲጻፍ ጠየቀ። አቶ በዳሳ ጥርጣሬ መስሏቸው፣ “አንዴ ነግሬዋለሁ እኮ!” በማለት ቅር ተሰኙ። ሦስቱም በየተራ ደግመው ጻፉ፤ ስልኩ አይገጥምም አለ። ሦስተኛ ጊዜ ተጻፈ፤ አይገጥምም አለ። ከሦስቱ ማን እንደተሳሳተ ለማወቅ እያንዳንዱ የጻፈውን ቢናገር እንደሚቀል ሐሳብ ቀረበ። ምሥጢር ስለሆነ ሐሳቡ ወደቀ። ማን እንደተሳሳተ ግን ሦስቱም እርግጠኛ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በሌሎቹ ሁለት ላይ።

ስልኩ ፓስወርዱ ሲረሳ የሚያስታውስ ፍንጭ ጻፉ የሚል ጥያቄ ማቅረቡም ተነሥቷል። አቶ በዳሳ ማንም እንዳይቸገር ፓስወርዱ ራሱ ፍንጭ ሆኖ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሪት ሚልካ በዚህ ጊዜ ውጭ ወጥታ ትንሽ አየር ወስዳ ተመልሳለች።

አቶ ቤዛብሕ አክለውም ስልኩ ራሱ ከሞንታርቦው ጋር በብረት ቁም ሣጥኑ እንዲቆለፍና ቁም ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ እንዲበጅለት ጠየቁ። ደጋፊ አግኝቷል።

ክርክሩ በዚህ ላይ ሳለ በአቶ በዳሳ ስልክ ለኅብረቱ ኢሜይል መጣ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው፣ “ክቡር የአካውንት ባለቤት፣ በአካውንትዎ ላይ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ታይቷል። ለደኅንነትዎ ሲባል የይለፍ ቃልዎን እዚህ ያስገቡ። የደኅንነት ክፍል” የሚለውን በንባብ አሰሙ። ከዚያም ፊታቸው በርቶ፣ “ተመልከቱ እንግዲህ! ስለ ደኅንነት ስንሰበሰብ የደኅንነት ክፍሉ ራሱ መጣ። ደግሞ ‘ክቡር’ ይላል” አሉ። ጣታቸውን ሲያነሡ ወ/ሪት ሚልካ ሞንታርቦውን ተሻግራ ስልኩን ከእጃቸው ነጠቀች። ይህ የተደረገው ያለ ድምፅ መሆኑ በጽሑፍ ይያዝ ተብሏል። ሌባው ራሱ እንደሆነ፣ በሩ ሲዘጋበት በመስኮት እንደመጣ አስረዳች። ወ/ሮ ቦሰና፣ “ያኔ ‘ውዴ’ ያለኝ ሰውዬ ነው አሁን ‘ክቡር’ የሚለው?” ብለው ጠይቀው፣ መሆኑ ሲነገራቸው እጅግ አዘኑ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ፓስወርዱ ለሦስት ተከፍሎ እንዲቀጥል፣ እስኪገጥም ድረስ በየሳምንቱ እንዲሞከር፣ ስልኩ ከሞንታርቦው ጋር እንዲቆለፍ፣ ለሌባውም ጥያቄውን ልንቀበል ያልቻልን መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት በጨዋነት እንዲላክ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

በዚህ አጀንዳ ሥር ወ/ሮ የሺሀረግ አካውንቱ ጨርሶ እንዲጠፋ፣ በሰብሳቢው ቁጥር አዲስ እንዲከፈት፣ ስሙም “ኅብረት” እንዲባል ሐሳብ አቀረቡ። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ ድምፃቸው እስካሁን እንደነበረው አልነበረም። “ከንግሥት ጎን ቆሜ ነው ዕድሜዬን የዘመርኩት። ያቺ ሴት የማንም ደጃፍ ቆማ አታውቅም። አሁን አንድ ሌባ ፎቶዋን አንጠልጥሎ በየሰዉ ስልክ እየዞረ ሲለምንባት ማየት አልችልም። ዛሬ አስወጣነው፤ ነገ ደግሞ ይመጣል። ስሟን እናሳርፈው” አሉ።

ወ/ሪት ሚልካ አካውንቱ አንዴ ከጠፋ እንደማይመለስ አሳሰበች።

ጸሐፊው አስተያየት እንዲሰጥ ተጠየቀ። ወ/ሮ የሺሀረግ የተናገሩት ሁሉ እውነት ስለሆነ የሚቃወምበት አጥቶ አስተያየት የለኝም አለ። አቶ በዳሳ፣ “አንተ ባሏ አይደለህም እንዴ? ተናገር እንጂ” ቢሉት፣ ጸሐፊ ስለሆነ የሌሎችን መመዝገብ እንደሚሻለው ገለጸ። ይህን ያለው ከትሕትና ይሁን ከፍርሃት ለራሱም አልለየለትም።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ድጋፍ፣ የወ/ሮ ቦሰና አንድ ተቃውሞ፣ የጸሐፊው አንድ ድምፀ ተዓቅቦ ሆኖ አካውንቱ አሁኑኑ እንዲጠፋ ተወሰነ።

ወ/ሪት ሚልካ ስልኩን ጠየቀች። ጸሐፊው ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ሰጠ። አቶ ቤዛብሕ እንደ ንብረት ኃላፊነታቸው ስልኩ በመልካም ይዞታ ላይ መሆኑን፣ መስታወቱ የተወለወለ፣ ባትሪውም ሙሉ መሆኑን አረጋገጡ።

ወ/ሪት ሚልካ ስልኩን ስትነካካ ቆይታ ቆም አለች። “ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የቅዳሜው ማስታወቂያ ወደ ግሩፑ ከተላከ በኋላ ለአንድ ሰው ደግሞ ለብቻው ይላካል። በየሳምንቱ። ለእርስዎ ነው” አለች።

ጸሐፊው ይህ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ።

ሰብሳቢው፣ “አንተው ጽፈህ ለራስህ ትልካለህ?” ሲሉ ጠየቁ።

ጸሐፊው እንደሚልክ ገለጸ።

“ለምን?”

ልምምዱ እንዳይረሳው መሆኑን አስረዳ።

“ራስህ የጻፍከውን ትረሳለህ እንዴ ጢሞቴዎስ?”

ጸሐፊው፣ የጻፈውን እንደማይረሳ፣ ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የሚቀርበት ጊዜ መኖሩን፣ ስሟ በስልኩ ላይ ሲመጣ ግን ተነሥቶ ለነገ ጃኬቱን እንደሚያዘጋጅ ተናገረ። በሕይወት ሳለች ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ስለምትፈራለት ማስታወቂያውን ልካ ስታበቃ ለብቻው “ጃኬት” ብላ ትጽፍለት እንደነበርም ጨመረ። የሞተ ሰው መልእክት እንደማይልክ እንደሚያውቅ፣ እንደሚያምንም፣ የሚልከው እርሱ ራሱ መሆኑን አንድም ቀን እንዳልዘነጋ አሳስቦ፣ ይህ ከትምህርታችን ጋር የሚጋጭ ከሆነ እንዲነገረው ጉባኤውን ጠየቀ።

የወጣቶቹ ከበሮ በዚያው ቅጽበት ቆሞ ነበር፤ በአጋጣሚ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ቤዛብሕ ናቸው። ማስታወቂያው ላይ “የዘገየ ከኋላ ይቆማል” የሚለውን ባዩ ቁጥር ሰዓታቸውን እንደሚመለከቱ፣ አንድ እሑድ ታክሲው ቢቆምባቸው ወርደው ሽቅብ መሮጣቸውን፣ ግማሽ መንገድ ላይ እህት ንግሥት በሕይወት እንደሌለች ትዝ ቢላቸውም ሩጫውን እንዳላቆሙ አመኑ። አቶ በዳሳ ማስታወቂያው ሲመጣ ከተቀመጡበት እንደሚነሡ፣ ባለቤታቸውም በዚህ እንደሚስቁባቸው ተናገሩ። ወ/ሮ ቦሰና፣ “ታዲያ እኔ ካርድ ብልክ ምን ይደንቃል! እናንተ በሞተች ሴት እየተንቀጠቀጣችሁ!” አሉ። በዚህ ላይ ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲበርድ አቶ ቤዛብሕ እንደገና ስለጀመሩ እንደገና ሆነ። ወ/ሮ የሺሀረግ በመጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ሥርዓት አስያዙ።

ወ/ሮ የሺሀረግ ሐሳባቸውን መሳባቸውን አስታወቁ። “ስሟን ሌባ እንዳይጠቀምበት ነበር ያልኩት። ለካ ሌባው አልቻለበትም። ንግሥት ታዛለች እንጂ አትለምንም። ‘ነይ’፣ ‘ቁሚ’፣ ‘ጃኬት’ ካለ የእኛው ጢሞቴዎስ ነው። ‘እባክሽ’ ካለ ሌባ ነው። ይህን የማያውቅ የኅብረቱ ሰው አለ? ከዚህ የበለጠ ምን ፓስወርድ አለ?” አሉ።

ወ/ሪት ሚልካ፣ “ፓስወርዱ ግን…” ስትል ሰብሳቢው እጃቸውን አነሡ። ድምፅ የላትም ሊሏት ነው ብለን ስንጠብቅ ለዚህ ጉዳይ ድምፅ እንዲሰጣት አዘዙ። ወ/ሪት ሚልካ በተሰጣት ድምፅ፣ ፓስወርዱን እርሷና ጸሐፊው አሁኑኑ ብቻቸውን እንዲያበጁ፣ የሚያውቀውም ጸሐፊው ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች። አቶ ቤዛብሕ የመባ ሣጥኑን ሊያነሡ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

የመጨረሻ ውሳኔ

በዛሬው ስብሰባ ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 4 የተወሰነው ሁሉ፣ በልብ የተመዘገበውን፣ የባሶችን ነፃ መታለፍና ለሌባው የሚላከውን ደብዳቤ ጨምሮ፣ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። አካውንቱ በስሙና በፎቶው ይቀጥላል። ስልኩ ወደ ጸሐፊው ኪስ ይመለሳል። ፓስወርዱን ማንም ኮሚቴ አይጠይቅም። በስልኩ ለሚደርስ ኮድም ስብሰባ አይጠራም፤ ቢጠራ እንኳ የሚሰጠው ውሳኔ፣ ሙሉ ድምፅ ቢያገኝም፣ ከወዲሁ የተሻረ ነው። ብር ወይም ኮድ የሚለምን መልእክት የደረሰው አባል ሁሉ መጀመሪያ ይደውል ተብሏል። በእህት ንግሥት ስም ከመጣ ግን መደወልም አያስፈልግም።

ጸሐፊውና ወ/ሪት ሚልካ ጥግ ይዘው ፓስወርዱን አበጁ። በመጀመሪያው ሙከራ ገጠመ። ጉባኤው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ሳይጠየቅ ነው።

አቶ በዳሳ አሳጥረው በጸሎት ዘጉ፤ ሌባው በዚህኛው ጸሎት በግልጽ ቋንቋ ተጠቅሷል። ስብሰባው 11 ሰዓት ላይ ሲነሣ የቅዳሜው ማስታወቂያ አለመላኩ ስለታወሰ ጸሐፊው እዚያው ሆኖ እንዲልክ ታዘዘ። “ነገ ከአምልኮ በኋላ ልምምድ። ነጭ ሸሚዝ። የዘገየ ከኋላ ይቆማል” ብሎ ጻፈ። “እባካችሁ” የሚል ቃል የሌለበት መሆኑን ወ/ሮ የሺሀረግ አንብበው አረጋገጡ፤ ተላከ።

በክፍሉ ውስጥ ያሉ ስልኮች በሙሉ አንድ ጊዜ ጮኹ። አቶ በዳሳ ተነሥተው ቆሙ። ወ/ሮ ቦሰና “አሜን” አሉ፤ አንብበው ነው።

የጸሐፊው ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ጸሐፊው ከሞንታርቦው ላይ ጃኬቱን አንሥቷል።

ጢሞቴዎስ
ጸሐፊ